የፖስተኛው ክፍል

አክስቴን የማያውቅ ሰው በሰፈራችን የለም፤ በስሟ የሚጠራት ሰውም የለም። ለሁሉም «እትዬ ማኅተም» ናት። በአሮጌው ፖስታ ቤት ከመስኮቱ ጀርባ ቆማ ዕድሜዋን ሙሉ ቴምብር ላይ ማኅተም ስትመታ ስለኖረች ቀኝ ክንዷ ከግራው ይወፍራል። በልጅነቴ ጀርባዬን ቸብ ስታደርገኝ ቀኑና ወሩ የታተመብኝ ይመስለኝ ነበር። ባሏ፣ እኔ ጋሼ የምለው፣ ፖስተኛ ነበር። እሷ ትመታለች፣ እሱ ያደርሳል። ትዳራቸው እንዲህ ነበር፤ ሲጣሉ እንኳ ደብዳቤው አንድ ቀን አይዘገይም ነበር።

የሚኖሩትም እዚያው ነበር። ከፖስታ ቤቱ በስተጀርባ፣ ድሮ ጥቅል ዕቃ የሚቀመጥበት አንድ ክፍል አለ። የፖስታ ቤቱ አለቃ «ማታ ማታ ሕንፃዬን የሚጠብቅልኝ ሰው ካገኘሁ እኔም እንቅልፍ እተኛለሁ» ብለው አዲስ ተጋቢዎች ሳሉ ሰጧቸው። ግድግዳው እስከ ወገቡ አረንጓዴ፣ ከወገቡ በላይ ነጭ ነበር። ጥቅል የሚደረደርባቸው የእንጨት መደርደሪያዎች ላይ አክስቴ ድስቶቿን፣ አንሶላዎቿንና የጋሼን የፖስተኛ ኮፍያ ደረደረች። አንድ የብረት አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ወደ ጓሮ የሚያይ አንድ መስኮት። ልጅ አልወለዱም። እኔን የእህቷን ልጅ እንደ ልጃቸው ስላዩኝ ያቺን ክፍል እንደ ቤቴ አውቃታለሁ።

ኋላ ፖስታ ቤቱ ወደ አዲስ የመስታወት ሕንፃ ተዛወረ። ሁለቱም ጡረታ ወጡ፤ ክፍሏን ግን ማንም አስታውሶ አልጠየቃቸውም። ከዚያ አሮጌው ሕንፃ ሊፈርስ ነው ተባለ። ለእነሱ ምትክ ቤት ተዘጋጅቷል፤ ምድር ቤት ነው፣ የቧንቧ ውሃ ቤት ውስጥ ድረስ ገብቶለታል። እኔ በደስታ ልበር ደረስኩ። አክስቴ ግን እሳት ጎርሳ እሳት ለብሳ ተነሣች።

«እኔ ከዚህ የምወጣው በቃሬዛ ነው» አለችኝ።

«እትዬ፣ ውሃ እኮ ውስጥ ድረስ ገብቷል!»

«ውሃ ውሃ አትበይብኝ። ቤቴን ነው የምልሽ።»

የሰፈሩ የታሪክ ማኅበር የሚባል አለ። አባላቱ ጡረተኞች ናቸው፤ በሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት ጓዳ ተሰብስበው ሻይ እየጠጡ በአሮጌ ፎቶግራፍ ላይ «ይህ በግራ በኩል የቆመው ማነው?» እየተባባሉ ይጣላሉ። መሥራቹ ራሳቸው የፖስታ ቤቱ አለቃ ናቸው። አክስቴ ለነሱ አመልክታ ከቤት ቤት እየዞረች ፊርማ አስፈረመች። ያንን ክንድ እያየ እንቢ የሚላት አልተገኘም። ፖስታ ቤቱ ከመፍረስ ዳነ፤ ማኅበሩ እንዲጠብቀውም ተሰጠው። በሩ ላይ የእብነ በረድ ጽሑፍ ሲለጠፍ ከሁሉም በላይ ያለቀሰችው እሷ ናት። በየጠዋቱ ጽሑፉን በእርጥብ ጨርቅ ትወለውለው ጀመር። ማኅበሩን ስታነሣ አፏን ሞልታ «እኛ» ነው የምትለው።

ጋሼን ስትሮክ የመታው ከዚያ በኋላ ነው። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ ከዱት፤ አንደበቱም ተሳሰረ። ያ በር ለበር ሲዞር የኖረ ሰው የብረት አልጋው ላይ ቀረ። አክስቴ ታገላብጠዋለች፣ ታጥበዋለች፣ ታጎርሰዋለች። ክረምቱ ሲገባ ደግሞ ጣሪያው ማፍሰስ ጀመረ። ክዳኑ ሸክላ ነው፤ ከአልጋው በላይ ያሉት ጥቂት ሸክላዎች ተሰንጥቀዋል። መጀመሪያ አንድ ሳፋ አስቀመጠች። ከዚያ ባልዲ ጨመረች። ከዚያ አልጋውን ወደ መስኮቱ ገፋችው፤ ዝናቡም ተከትሎ ወደ መስኮቱ መጣ። እውነቴን ነው፣ ዝናቡ ጋሼን የሚፈልገው ይመስል ነበር። ሰውየው ግንባሩ ላይ ጠብ ሲልበት እንኳ ጠርጎ መጣል አይችልም፤ ዓይኑን ጨፍኖ ይጠብቃል።

አንድ ጣሪያ ሠሪ ይዤ መጣሁ። ቀና ብሎ አይቶ «የግማሽ ቀን ሥራ ናት፤ ምን አጨናነቃችሁ?» አለና መሰላሉን ደገፈ። ግማሽ ድረስ እንደወጣ የማኅበሩ ሊቀመንበር እያለከለኩ ደረሱ። የጂኦግራፊ መምህር የነበሩ፣ ዝንብ እንኳ የማይጎዱ ሰው ናቸው።

«እባክህ ወንድሜ፣ ውረድልኝ።»

«ምን አጠፋሁ?»

«ምንም አላጠፋህም። ደንብ ስላለ ነው።»

ደንቡ እንዲህ ነው። ከዓመታት በፊት አንዱ የማኅበሩ አባል የፖስታ ቤቱን የነሐስ ሚዛን «ላጸዳው» ብሎ ወሰደው። ሚዛኑም እሱም አልተመለሱም። የማኅበሩ ሰዎች በዚህ ቂም ይዘው፣ ሁሉም አባላት በሙሉ ድምፅ ካልተስማሙ በቀር በሕንፃው ላይ ምንም ነገር እንዳይነሣ፣ እንዳይቀየር፣ እንዳይጨመር ደነገጉ። ያኔ አክስቴም አጨብጭባለች።

«ታዲያ ተሰብሰቡና ተስማሙ!» አልኳቸው።

«እኛማ ተስማምተናል፤ የቀሩት አለቃ ናቸው» አሉ ሊቀመንበሩ።

አለቃ ሌላ ከተማ ልጃቸው ቤት ከገቡ ቆይተዋል። የመርሳት በሽታ ይዟቸዋል። አይመጡም፤ ስለዚህ ድምፁ ሙሉ አይሆንም። «ከዝርዝሩ ይሰረዙ» ስል ሊቀመንበሩ ሰው የገደልኩ ያህል አዩኝ። «ማኅበሩን የመሠረቱት እሳቸው ናቸው፤ በምን ዓይናችን ነው የምንሰርዛቸው?» አሉ። ወደ አክስቴ ዞርኩ፤ እሷም አንገቷን ደፍታለች። «ልክ ናቸው። ክፍሉን የሰጡንን ሰውዬ? ነውር ነው» አለች። ጣሪያ ሠሪው መሰላሉን ተሸክሞ ሄደ። ባላጋራ ቢኖረኝ እጣላው ነበር። ከነዚህ ደግ ሰዎች ጋር ምን ተብሎ ይጣላል?

አክስቴ አንድ ቀን ሰማያዊ ላስቲክ ገዝታ ጣሪያው ላይ አስወጥታ አስወጠረች። ጋሼ በደረቅ አልጋ አደረ። በማግስቱ የማኅበሩ ሰዎች ብርቱካን ይዘው ሊጠይቁት መጡ፤ አልጋው ዙሪያ ተቀምጠው ትንሽ ከተጫወቱ በኋላ ሊቀመንበሩ ጉሮሯቸውን ጠራርገው «ላስቲኩ... ከመንገድ ይታያል እትዬ፤ መጨመር ነው» አሉ። እሷ ራሷ አወረደችው። እኔ ስደርስ ጓሮ ቁጭ ብላ ስታጣጥፈው አገኘኋት። ደሜ ፈላ፤ የአፌን ሁሉ ተናገርኩ። «አንቺ ደግሞ ምላስሽ አያርፍም» አለችኝና ላስቲኩን መደርደሪያው ላይ ከአንሶላዎቹ ጋር አስቀመጠችው።

መጨረሻ ላይ፣ አለቃ ካልመጡ እኛ እንሂድ ተባለ። ጎረቤት ጋሼን ብቅ እያለ እንዲያየው አደራ ብለን እኔ፣ አክስቴና ሊቀመንበሩ አውቶቡስ ተሳፈርን። አለቃ ከረባታቸውን አስረው፣ ጉልበታቸው ላይ ብርድ ልብስ ጣል አድርገው መስኮት አጠገብ ተቀምጠዋል። እኔንና ሊቀመንበሩን አላወቁንም። አክስቴን ሲያዩ ግን ተቆጡ።

«በሥራ ሰዓት ማኅተሙን ለማን ትተሽ ነው የመጣሽው?»

«ቆልፌበት ነው ጌታዬ» አለች፤ እጇን ወደ ኋላ አድርጋ ቆማለች።

«ደግ አደረግሽ።»

ሊቀመንበሩ አጠገባቸው በርከክ ብለው ነገሩን ቀስ አድርገው አስረዷቸው። ጣሪያው ያፈሳል፤ ጥቂት ሸክላዎች ብቻ ይቀየራሉ፤ ይስማማሉ ወይ? አለቃ ዓይናቸው ፈጠጠ። ወንበሩን ተደግፈው ሊነሡ ሞከሩ።

«ማነው ፖስታ ቤቴን የሚያፈርሰው? እኔ በሕይወት እያለሁ አንዲት ሸክላ አትነካም! ሰማችሁ? አንዲት!»

ልጃቸው ሮጣ መጥታ አስቀመጠቻቸው። ሲረጋጉ ወደ ውጭ አዩ፤ ደመና ነበር። «ፖስተኛው ዝናብ ሳይመታው ተመለሰ?» ብለው አክስቴን ጠየቋት።

«ተመልሷል ጌታዬ» አለች።

ውጭ ስንወጣ ሊቀመንበሩ መነጽራቸውን አውልቀው ይጠርጉ ጀመር። «እስከ ዛሬ ድምፅ አልሰጡም ነበር። አሁን ሰጡ። ተቃወሙ።»

«ሰውየው እኮ ዛሬ ምን ቀን እንደሆነ አያውቁም!»

«አውቃለሁ። ግን አእምሯቸው ልክ አይደለም ብዬ በቃለ ጉባኤ ላይ የማሰፍረው እኔ ነኝ? እጄ አይታዘዝልኝም» አሉ፤ አለቀሱም። ስንመለስ በአውቶቡሱ ውስጥ እሳቸውን ስታጽናና የመጣችው አክስቴ ናት።

ጣሪያው የወደቀው በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ እኛ መንገድ ላይ ሳለን ነው። ዝናብ እንኳ አልነበረም፤ ሲጠጣ የከረመው ኮርኒስ ከነሸክላው ዘጭ አለ። እንደ እድል ሆኖ አክስቴ ያን ቀን አልጋውን በሩ ጥግ አድርጋው ነበር። ስንደርስ ጋሼ ከእግር እስከ ራሱ አቧራ ለብሶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እንደ ልማዱ እስኪያልፍ ይጠብቃል። የከተማው ሰዎች መጥተው ክፍሉን አሸጉት። ምትክ ቤቱ ለሌላ ሰው ከተሰጠ ቆይቷል። እኔ ያለኝ ፀጉር ቤቴና ከኋላው ያለችው መኝታዬ ናት። አልጋቸውን ከፀጉር ማድረቂያው ጎን በግድ አስገባናት፤ መጋረጃ ጋረድን። ደንበኞቼ ሲስቁ ጋሼ መጋረጃው ውስጥ ያዳምጣል።

ብዙም ሳይቆይ አለቃ አረፉ። ማኅበሩ ከቀብር መልስ ተሰበሰበ፤ ስንት ጊዜ ተቆልፎ የኖረው በር ወለል አለ። ጣሪያው ይሠራ፤ በሙሉ ድምፅ። ሸክላው ይቀየር፤ በሙሉ ድምፅ። አንድ ቀን ሊቀመንበሩ ፊታቸው በርቶ ፀጉር ቤቴ ገቡ።

«እትዬ፣ የምሥራች! የኋላው ክፍል ስሙ የፖስተኛው ክፍል እንዲሆን ወስነናል። ለባለቤትሽ ክብር ነው። እንደ ድሮው አድርገን ልናሰናዳው ነው። ዕቃዎቹን ብትሰጭን...»

አክስቴ ሳታስጨርሳቸው ተነሣች። ኮፍያውን ሰጠች፣ የቆዳ ቦርሳውን ሰጠች፣ ጠረጴዛውን ሰጠች። በመጨረሻ የብረት አልጋውን አስፈትታ አስጫነች፤ ጋሼን እኔ መሬት ላይ ፍራሽ አነጠፍኩለት። «ለጥቂት ቀን ነው። ዕቃችን ቀድሞን ይግባ» አለችው። እሱም ግራ እጁን አንሥቶ ጉንጯን ነካ። እኔን ነገሩ ደስ አላለኝም፤ ግን እንደዚያ ስትስቅ ካየኋት ቆይቼ ነበርና አልከለከልኳትም።

የምርቃቱ ቀን ከእሷ ጋር ሄድኩ። ክፍሉ አምሮበታል፤ ከወገብ በታች አረንጓዴ፣ ከወገብ በላይ ነጭ፣ ዳር እስከ ዳር። አልጋው ጥርት ባለ አንሶላ ተነጥፎ፣ ኮፍያው ትራሱ ላይ ተቀምጧል። በሩ ላይ ቀይ ገመድ ተወጥሯል፤ ከጎኑ «መንካት ክልክል ነው» ይላል። ያኔ ገባኝ፤ ክፍሉ የተሰናዳው ለጎብኚ ነው። አክስቴ ግን ጽሑፍ አላየችም። ጎንበስ ብላ በገመዱ ሥር አለፈች። አንድም ሰው ሊከለክላት አልደፈረም። ፍራሹን ዳሰሰች፣ ትራሱን ዳሰሰች፣ ድሮ ባልዲው የነበረበትን ወለል በመዳፏ አሸችው። ቀና ብላ ጣሪያውን ለረጅም ጊዜ አየች።

«ደረቅ ነው! እግዜር ይስጥልን፤ ደረቅ ነው» አለች። ከዚያ ወደ ሊቀመንበሩ ዞረች። «እንግዲህ መቼ እናምጣው?»

ሊቀመንበሩ ገመዱን አዩ፤ አልጋውን አዩ፤ እኔን አዩ።

«ለ... ለኮሚቴው አቀርበዋለሁ እትዬ» አሉ።

«ይቅረብ፣ ይቅረብ። እኔም እኮ ደንቡን አውቃለሁ።»

መንገዱን ሁሉ እየቀደመችኝ ተመለሰች። መጋረጃውን ገልጣ ፍራሹ አጠገብ ቁጭ አለችና ጣሪያውን፣ ቀለሙን፣ አንሶላውን አንድ በአንድ ነገረችው። «ለኮሚቴው ይቀርባል ብለውኛል» አለችው። ጋሼ ሰምቶ ሲጨርስ በግራ እጁ አገጩን እየነካ እኔን ያየኝ ጀመር።

«ፂ... ፂሜን» አለ።

ሳሙናውን አረፋ አደረግኩት። ለስንቱ ሙሽራ በሠራ እጄ ምላጩን ያዝኩ። አክስቴ መስታወቱን ደግፋለት ጎንበስ ብላ ትቆጣጠረኛለች።

«ከጆሮው ሥርም አንሺለት እንጂ» አለችኝ። «ሲገባ ሰው ያየዋል።»