ፋንታዬ መዝለል ለምን እንዳቆመች

ጌታ ይባረክ፣ ወገኖች! ስሜ በርጋ ነው። እንጨት ሠሪ ነኝ፤ አሁን የተቀመጣችሁበትን አግዳሚ ወንበር ገና ሳላምን የሠራሁት እኔ ነኝ። ዛሬ የቆምኩት ግን ስለ ወንበር ላወራ አይደለም። እግዚአብሔር ለባለቤቴ ለፋንታዬ፣ በእሷም በኩል ለእኔ፣ ያደረገውን ልመሰክር ወድጃለሁ። እሷው ናት "አንተ ንገራቸው፣ እኔ ሳልጨርስ ሳቄ ይመጣል" ያለችኝ። የምናገረው ስለ ሴት ልጅ ሰውነት ነውና ወጣቶች አትሽኮርመሙ። ሁላችንም በእናት መጥተናል።

ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የለየሁት ሚስማር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ነው። ራሱን በራሱ ያስተማረ ሰው ደግሞ ሌላ ሊያስተምረው ሲመጣ አይወድም። ፋንታዬ ጌታን ስታገኝ እኔ መጽሐፍ ቅዱሷን እየወሰድኩ ስሕተት ልፈልግበት አነብ ነበር። እሑድ እሑድ እስከዚህ በር እሸኛትና እመለሳለሁ። ከበሮው ሲጀመር ግን፣ ከውጭ ሆኜ፣ የእሷን እግር ከሁሉ እግር እለየው ነበር። አዘላለሏን ታስታውሳላችሁ! ወለሉ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሰባተኛው ልጃችን ከተወለደ በኋላ መዝለል ተወች። መጀመሪያ ከፊት ወደ ኋላ ወንበር ሄደች፤ ከዚያ ወደ በሩ ተጠጋች፤ በመጨረሻ ቤት ቀረች። የመዘምራን መሪያችን ወንድም ዘሪሁን መንገድ ላይ ሲያገኛት፣ "እህት ፋንታዬ፣ ምንጣፋችንን ቀዳደሽ ጨረስሽና ነው ያረፍሽው?" ይላታል። ትስቃለች፤ ስትስቅ ግን እግሯን ታቆላልፋለች። አንዳንዶቻችሁ "ፍቅሯ ቀዝቅዟል" ብላችሁ በጸሎት ያዛችኋት። አልቀየምም፤ እኔም ያየሁትን አላወቅኩትም። ከቤት በምትወጣበት ቀን ከጠዋት ጀምሮ አንድ ጉንጭ ውሃ አትቀምስም። ጾም መሰለኝ። "አምላክሽ ውሃም ከለከለሽ?" አልኳት። ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

መስቀል ደረሰ። ለእኛ መስቀል ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ጉራጌ ከየትም ይሁን ከየት ለመስቀል አገሩ ይገባል። ፋንታዬ "አንተና ልጆቹ ሂዱ፣ እኔ እቀራለሁ" አለችኝ። ለመንኳት፣ ተቆጣሁ፤ በጀ አላለችም። አገሬ አገና ስደርስ እናቴ ከደጅ ወጥታ ልጆቹን አንድ በአንድ ሳመችና ከኋላዬ ያለውን መንገድ ተመለከተች።

"ሚስትህስ?"

"ትንሽ አሟታል።"

"መስቀልን የምታስቀር ሕመም ምን ዓይነት ናት? ፈታኋት ብትለኝ ይገባኝ ነበር!"

ያ ክትፎ አልጣፈጠኝም።

ወደ ቤታችን ወደ ወልቂጤ ስንመለስ ጉም ወርዶ ነበር። የእንሰቱ ቅጠል ከነጩ ውስጥ ብቅ ይልና ይጠፋል። ሚኒባሱ በቀስታ ይሄዳል፤ ትንሿ ሴት ልጄ ጭኔ ላይ ተኝታለች። ነቅቼ ነው ወይስ አሸልቤ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ይህን አዳራሽ አየሁት። ወለሉ እስከ ቁርጭምጭሚት ውሃ ሞልቶታል፤ የጠራ፣ የማይነቃነቅ ውሃ። የሠራኋቸው ወንበሮች እግራቸውን ነክረው ቆመዋል። እናንተም እግራችሁ ውሃ ውስጥ ሆኖ ትዘምራላችሁ፤ ድምፃችሁ ከሩቅ እንደሚሰማ ነው፤ ስለ ውሃው ግድ ያለው ሰው የለም። ፋንታዬ ብቻ ጫማዋን በእጇ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። "ለምን አትገቢም?" አልኳት። "ወለሉን እንዳላረጥበው ፈርቼ ነው" አለችኝ። ከዚያ ልጄ ስትገላበጥ የጉሙን ነጭ ብቻ አየሁ።

ሕልም የምቆጥር ሰው አልነበርኩም። ቤት ገብቼ እንደ ቀልድ ነገርኳት። የያዘችውን ሳህን አስቀመጠች።

"ይህን ቃል ማን ነገረህ?"

"ማንም። በሕልሜ ነው እያልኩሽ።"

"በርጋ፣ ይህን ለጌታ ብቻ ነው የነገርኩት። ጓዳ ተንበርክኬ። 'ቤትህን እንዳላረጥብብህ ፈርቻለሁ' ብዬው ነበር።"

ከዚያ ተቀምጣ ሁሉንም ነገረችኝ። ስትዘል፣ ስታስል፣ ስትስቅ ሽንቷ ያመልጣታል። ከአምስተኛው ልጅ ጀምሮ በጥቂቱ፤ ከሰባተኛው ወዲህ ግን ሚኒባስ ላይ መቀመጥ አስፈርቷታል። ጾም ያልኩት ፍርሃት ነበር። ሃሌ ሉያ! የጓዳዋን ጸሎት ለማያምን ባሏ፣ በጉም መካከል ያሰማ አምላክ ስሙ ይባረክ!

ቡታጅራ ሆስፒታል ሄድን። ሐኪሙ መርምሯት "ለጊዜው ቀዶ ጥገና አያስፈልግሽም" አለና ሙኒራ ወደምትባል አዋላጅ ነርስ መራን። ሲስተር ሙኒራ የመስቃን ጉራጌ፣ ሙስሊም ናት፤ እግዚአብሔር በማን እጅ እንደሚሠራ እኔ አልመርጥለትም። ፋንታዬን አስቀመጠቻትና፣

"ቃጫ ታውቂያለሽ?" አለቻት።

"የጉራጌን ሴት ቃጫ ታውቂያለሽ ወይ ትያለሽ?" ብላ ፋንታዬ ሳቀች፤ ወዲያው እግሯን አቆላለፈች።

"እርጥቡን ቃጫ አንድ ጊዜ ብትለጥጪውስ?"

"ይችላል።"

"ሳይደርቅ ደጋግመሽ ብትለጥጪው?"

"ይላላል። ክሩም አንዳንዱ ይበጠሳል።"

"ያው ነው። ከአከርካሪሽ ግርጌ የሚወርድ ነርቭ አለ። ከሥር ያለውን ጡንቻ 'ያዝ' ብሎ የሚያዘው እሱ ነው። የሕፃኑ ራስ ሲወርድ ነርቩ ይለጠጣል፤ ምጡ ከረዘመ፣ ሕፃኑ ከገዘፈ ይብሳል። ብዙውን ጊዜ በወራት ውስጥ ቀስ ብሎ ያገግማል። ሳያገግም ሌላ እርግዝና ሲደረብበት፣ በዚያ ላይ ሌላ ሲደረብ ግን ትእዛዙ ለጡንቻው በደንብ አይደርስም። ፍቅርሽ አልቀዘቀዘም፣ ርኩስም አይደለሽም። የቀሩት ክሮች ግን እንዲሠሩ ማስተማር አለብን። ሽንት እንደምትይዢ ወደ ውስጥ ሳቢ፣ ያዢ፣ ልቀቂ። በየቀኑ። ውሃሽንም ጠጪ። ኢንሻአላህ ይሻልሻል።" ወደ እኔም ዞረች። "ጋሼ፣ ሸክም ይህን ያብሳልና፣ የውሃውን ጄሪካን ማነው የሚሸከመው?"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጄሪካኑን እኔ ያዝኩ። ጎረቤት "በርጋ፣ መቼ ነው የምትወልደው?" እያለ ሳቀብኝ። ይሳቅ። ጀርባዬ ሰባት ልጅ አልተሸከመም።

አሁን ልብ በሉልኝ፣ ወንድሞች። ፋንታዬ ስትይዝ ምን ያህል እንደቆየች ትረሳለች፤ ቁጥር መቁጠርም ሰለቻት። "አንብብልኝ" አለችኝ። መጽሐፍ ቅዱሷን ከፍቼ ከመዝሙረ ዳዊት አነብላታለሁ። ስጀምር ትይዛለች፤ አራት ነጥብ ላይ ስደርስ ትለቃለች። መጀመሪያ ረጅም ጥቅስ ብመርጥ፣ "አንተ ሰውዬ፣ ልትገድለኝ ነው? አጭር አጭሩን!" ብላ ጮኸችብኝ። እኔ ደግሞ በፍጥነት አንብቤ፣ ስሕተት ለቅሜ ማለፍ የለመድኩ ሰው ነኝ። አሁን ግን በእሷ ትንፋሽ ልክ፣ ቃል በቃል፣ በዝግታ ማንበብ ግድ ሆነብኝ። እሷ ስትለቅ ዝም እላለሁ፤ በዚያ ዝምታ ውስጥ ያነበብኩት ቃል ተመልሶ እኔን ያነብበኝ ጀመር። ክረምቱ ሲያልቅ ከቃሉ ጋር የሚጣላ ሰው ውስጤ አልቀረም። አንድ ምሽት አራት ነጥቡ ላይ ደርሼ መቀጠል አቃተኝ። "ልልቀቅ ወይስ ልያዝ?" አለችኝ። "ልቀቂ፣ እኔን ይዞኛል" አልኳት።

እዚህ ላይ አንዳንዶቻችሁ "በአንድ ጸሎት ተፈወሰች" ብል ደስ ይላችሁ ነበር። አልዋሽም። ፈውሷ በቀስታ፣ እንደ ጉሙ መነሣት ነው የመጣው። ዛሬም ጉንፋን ሲይዛት አልፎ አልፎ ያመልጣታል። ያሳየን፣ ያሳከመን፣ በየዕለቱም ያበረታን ጌታ ግን አንድ ነው። ክብር ለእሱ ይሁን! ዘንድሮ መስቀልን አገና ዋለች። እናቴ አንገቷን አቅፋ "መጣሽልኝ?" ስትል ፋንታዬ ውሃ ለምና ጠጣች።

በዋቤ ወንዝ የተጠመቅኩ ዕለት እዚያ ነበራችሁ። ከጠለቅኩበት ቀና ስል እናንተ ዳር ላይ ሆናችሁ ስትዘምሩ፣ ፋንታዬ ከነቀሚሷ ገብታ አጠገቤ ቆመች፤ ውሃው እስከ ወገቧ ደረሰ። ወንድም ዘሪሁን "እህቴ፣ አንቺ እኮ ድሮ ተጠምቀሻል!" ብሎ ጮኸ። እሷ አልሰማችውም። ዘለለች። ደጋግማ ዘለለች። ውሃው በሁላችን ላይ ተረጨ፤ የእኔ ይሁን የእሷ ይሁን የእናንተ፣ የማን ልብስ በምን እንደ ረጠበ ማንም አልለየም።

አንተ ባል የሆንክ ወንድሜ፣ ሚስትህ ውሃ መጠጣት ከተወች ጠይቃት። ከልጅ እስከ ልጅ ሰውነቷ እንዲያርፍ ጊዜ ስጣት። አንቺም ዛሬ በሩ አጠገብ የተቀመጥሽ እህት፣ ለማንም ያልነገርሽውን ጌታ ሰምቶታል። ወደ ሐኪም ሂጂ፤ ወደ እሱም ነይ። ወለሉ እኛ ከመምጣታችን በፊት የረጠበ ነው፤ ጫማሽን አውልቀሽ ግቢ።