ጸጥ ያላለው ኮምፒውተር

ዓይኔ ከደከመ ወዲህ የቀረኝ አገልግሎት፣ ደቀ መዛሙርቴ ከደጋ እየቀዱ የሚልኩልኝን የድጓ ዜማ ሰምቼ ማረም ብቻ ነው። የማደምጠውም ልጄ ትቶልኝ በሄደው የጌም ኮምፒውተር ነበር፤ እርሱም በሰመራ ሙቀት እንደ ወፍጮ እየጮኸ ተስፋ አስቆረጠኝ።

ጠጋኙን ሰይድን ከሎግያ አስጠራሁት። ምስል የሚያወጣውን የግራፊክስ ካርዱን ፈትቶ አቧራውን አራገፈ፤ የደረቀውን የሙቀት ማስተላለፊያ ቅባት ጠርጎ አዲስ ቀባው፤ ፋኑንም ቀየረ። ከዚያም ዜማውን ከፈተልኝ።

«አሁንስ መሪጌታ?»

«ያው ነው፤ ይጮኻል።»

ጎንበስ ብሎ ጥቂት ነካካው።

«አሁንስ?»

«ኧረ ባሰበት ልጄ! ዜማውን ጭራሽ ዋጠብኝ እኮ፤ እንዴት አድርጌ ላርም?»

ሰይድ የኤሌክትሪክ ገመዱን ወደ ፊቴ አስጠግቶ አሳየኝ።

«ወላሂ መሪጌታ፣ ነቅዬዋለሁ።»