ሒሳብ ሲያስፈራ የሚኬድበት ቤት

አጎቴ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ነበሩ። ፍኖተ ሰላም ውስጥ አክሲዮን ሊገዛ አስቦ ቁጥር የፈራ ሰው እሳቸው ዘንድ ይመጣ ነበር።

አንድ ቀን ጎረቤታችን እትየ የሺ፣ «ሒሳብ ሲነሣ ልቤ ይርዳል» አሏቸው።

«ላም ሲገዙ ምን ይጠይቃሉ?»

«ስንት ትታለባለች፣ ምን ያህል ትበላለች እላለሁ።»

«እንግዲህ ሒሳብ ያውቃሉ። አክሲዮኑንም በዓመት ምን ያተርፋል፣ ለዚያስ ዋጋው አልበዛም ወይ ይበሉ።»

እትየ የሺ ሄደው ጠየቁ። ሻጩ ወሬውን ቀየረ፤ ሳይገዙ ተመለሱ።

አጎቴ በጾሙ መካከል አረፉ። ባለፈው ቅዳሜ እትየ የሺ ሌላ ሻጭ የሰጣቸውን ወረቀት ይዘው በራችንን አንኳኩ።

«መምህር አሉ?» አሉኝ።

ወዲያው የተናገሩት ገባቸው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። እኔም ከጎናቸው ተቀመጥሁ። ወረቀቱን ማንም አልገለጠው።