ይግቡ፣ ሻምበል

ከጦሩ ተሰናብቼ አዲስ ቅዳም ከተማ ከገባሁ ጀምሮ ዓመት ሙሉ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ሰው አላወቀብኝም ብዬ ግን እኮራ ነበር። ጎረቤት ክርስትና ተጠርተን አንዲት ሴት የብረት ትሪ ከእጇ ሲያመልጣት ነገሩ ገሀድ ወጣ። «ተኛ!» ብዬ ጮኼ መሬት ላይ ተዘረጋሁ። ብቻዬን ብዘረጋ ደግ ነበር፤ አጠገቤ የተቀመጡትን ቄስ ከነጥምጣማቸው ይዣቸው ወደቅሁ። ደግ ሰው ናቸው፣ ከሥሬ ሆነው «አይዞህ ልጄ፣ ትሪ ነው» አሉኝ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ባለቤቴ ግን አልሳቀችም። ቤት ስንገባ፣ «ሕፃን አቅፌ እንዲህ አልኖርም። ወይ ትታከማለህ፣ ወይ ልጄን ይዤ እናቴ ቤት እገባለሁ» አለችኝ። ያለችውን የምታደርግ ሴት ናት።

እንጅባራ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና እንዳለ ሰምቻለሁ። ጭንቁ መሄዱ ሳይሆን በሰው መታየቱ ነው። ሚኒባስ ውስጥ ለጠየቀኝ ሁሉ ጥርሴን አሞኝ ነው አልኩ። አንዲት እናት አዝነው ቅርንፉድ ሰጡኝ፤ ምን ላድርግ፣ እንጅባራ እስክንደርስ በጤነኛ ጥርሴ ሳኝክ ሄድኩ።

የአእምሮ ሕክምናው ክፍል በር ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ጫፍ አንድ ሰው ጋቢ ተከናንቦ ተቀምጧል። የእንጅባራ ብርድ ጋቢ ያስለብሳል፣ እስከ ዓይን ግን አያደርስም። ልብ ብዬ ሳይ የቀድሞ አዛዤ፣ ሻምበል ናቸው! ሳላስበው እግሬን ገጥሜ ወታደራዊ ሰላምታ ሰጠሁ። ወረፋው በሙሉ ዞሮ ሲያየን አፍሬ ጎናቸው ቁጭ አልኩ።

«ምን ልትሆን መጣህ?» አሉ በሹክሹክታ።

«ጥርሴን ነው። እርስዎስ፣ ሻምበል?»

«ዓይኔን።»

የጥርሱም የዓይኑም ሐኪም ሌላ ሕንፃ ውስጥ ነው። ሁለታችንም ይህን እናውቃለን።

ተራችን ሲደርስ የምታክመው ነርስ በሩን ከፍታ «ቀጣይ!» አለች።

«ይግቡ፣ ሻምበል።»

«አንተ ግባ፣ እኔ አልቸኩልም።»

«ኧረ በሞቴ! እርስዎ ቁጭ ብለው እኔ?»

«ግባ እንጅ!»

«አይደረግም!»

በር ላይ መገባበዝ ያገራችን ወግ ነው፤ እንዲህ የሚረዝመው ግን ድግስ ቤት ነበር። ከኋላችን የነበሩ ሽማግሌ ገበሬ ሰለቻቸውና፣ «እናንተ እስክትስማሙ እኔ ልታይ» ብለው ገቡ። ከዚያ ሌላው ገባ፤ ከዚያም ሌላው። እኛ ስንገባበዝ ወረፋው አለቀ። እውነቱን ለመናገር ወግ አልነበረም፤ ፈርተን ነበር። 

«ከምሳ በፊት የማየው አንድ ሰው ብቻ ነው» አለች ነርሷ።

ሻምበል ዘለው ተነሡ። «ወታደር! ተነሥ! ወደ ፊት!»

እግሬ እኔን ሳያማክር ታዘዘ። ውስጥ ገብቼ ነርሷ እንዴት ነህ ስትለኝ፣ ደረቴን ነፍቼ «ምንም ችግር የለም!» አልኩ። አልተከራከረችኝም፤ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ጠበቀችኝ። ያን ጊዜ አለቀስኩ። አላፍርበትም። ሁሉንም ነገርኳትና መድኃኒትና ቀጠሮ ይዤ ወጣሁ።

አግዳሚው ባዶ ነው። ወደ ግቢው በር ስሮጥ ሻምበል ባጃጅ ውስጥ ገብተዋል። ዘልዬ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ምን አለችህ?»

«እንቅልፍ አለህ ወይ አለችኝ።»

«ምን አልካት?»

«ዓመት ሆነኝ አልኳት።»

ባለባጃጁ ሞተሩን አስነሥቶ ይጠብቃል። ሻምበል ጋቢውን ከፊታቸው ገለጥ አደረጉ።

«እኔ አራት ሆነኝ» አሉ።

ባለባጃጁን ይቅርታ ጠይቀን ወረድን። ተኩስ ውስጥ ከሁላችን ፊት ይቀድሙ የነበሩት ሰው፣ ነርሷ ከምሳ እስክትመለስ ድረስ አግዳሚው ላይ እጄን አጥብቀው እንደያዙ ጠበቁ።