በቅቤ የታሸው እግሬ

ባለፈው ሳምንት ትከሻዬን ይዞኝ ክሊኒክ ሄጄ ነበር። ፊዚዮቴራፒ የምትሠራው ልጅ ከትንሽ ማሽን የወጡ ሽቦዎች ትከሻዬ ላይ ለጠፈችና፣ «እትዬ፣ ይሰማዎታል?» አለችኝ። ሽቦዎቹን ትኩር ብዬ ማየት ያዝኩ። ልጅቷ ያልሰማኋት መስሏት ደገመችልኝ።

ይህን ጥያቄ መጀመሪያ የተጠየቅኩት ቦንጋ ውስጥ፣ ኢሕአዴግ ከገባ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ፣ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። ያኔ ሯጭ ነበርኩ። ሯጭ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ጠዋት ቆጮዬን በልቼ፣ በሸራ ጫማ ቀይ ጭቃ እየረገጥኩ ዳገት የምወጣ ልጅ ነኝ። ግን በአንድ ሺህ አምስት መቶ ሜትር ዞናችን ውስጥ የሚቀድመኝ አልነበረም። አዋሳ ለሚደረገው ውድድርም ተመርጬ ነበር። እዚያ ጥሩ የሮጠ ክለብ ይገባል፤ እኔም ከቦንጋ የምወጣበት ሌላ መንገድ አይታየኝም ነበር።

ጉዞው ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ ወደ ሺሺንዳ በሚወስደው መንገድ ቁልቁለት ላይ የጭኔ ጀርባ እንደ ገመድ ተወጥሮ ያዘኝ።

በአንዲት ክሊኒክ በረከት የሚባል ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት ፊዚዮቴራፒስት ነበር። ሰዉ ሁሉ ዶክተር ይለዋል፤ «ዶክተር አይደለሁም» ማለት ሰልችቶት ትቶታል። በጀርባዬ አስተኝቶ እግሬን ቀጥ አድርጎ ቀስ እያለ ያነሳል፤ ሲወጠር እዚያው ይዞ እስከ ሠላሳ ይቆጥራል። ከዚያ ጄል የተቀቡ ጎማ መሳይ ነገሮች ጭኔ ላይ በቀበቶ ያስርና ማሽኑን ይከፍታል። ጉንዳን የሚሄድብኝ ይመስለኛል፤ ሕመሙም ይደነዝዛል።

«ይሄ ሕመሙን ያስረሳሻል እንጂ አያድንሽም፤ የሚያድንሽ ማሳሳቡ ነው። ደግሞ ወጌሻ ጋ ከሄድሽ እዚህ አትምጪ» አለኝ። የስፖርት መምህራችን ጋሽ ወልዴም ከእሱ ወረቀት ካላመጣሁ አውቶቡስ እንደማልሳፈር ነገሩኝ።

ወረቀቱ በሚጻፍበት ዓርብ ጠዋት ጎረቤታችን እትዬ አልማዝ መጡ። የሰፈራችን ወጌሻ ናቸው፤ የእናቴን የተሰበረ ክንድ ያቀኑት እሳቸው ናቸው። ሳይጠራ የመጣ ወጌሻ ደግሞ አይመለስም፤ እጁን መናቅ ነው።

«ልጄ አዋሳ ልትሄድ እኔ ዝም ልበል?» አሉና ቅቤ አቅልጠው እስኪበቃቸው አሹኝ። «በሳሙና እንዳትታጠቢ፤ ኃይሉን ይወስደዋል።»

እሺ አልኩ።

ከእናቴ ጋር ክሊኒክ ሄድን። በረከት ማሽኑን ከፈተ። «ይሰማሻል?»

«አይ።»

ጨመረው። «አሁንስ?»

«አይሰማኝም።»

እውነቴን ነበር። የማሽኑን መብራት ቅቤው እንደከለከለው ጠርጥሬያለሁ። እሱ ግን ልስላሴው የራሱ ጄል መሰለው፤ ሽታውም አላጋለጠኝም፤ እናቴ ፀጉሯን ቅቤ ተቀብታ አጠገቤ ተቀምጣለች። መብራቱ አንሶ ይሆናል ብሎ በሌሎቹ ጎማዎች የራሱን ክንድ ሞከረ። ጣቶቹ ብድግ ብድግ አሉ። ፊቱ ተለወጠ። ጭኔን በእስክሪብቶ ጫፍ ወጋ አደረገኝ።

«ይሄስ?»

ይሄኛው ተሰምቶኛል። ግን ተሰማኝ ካልኩ «ታዲያ ማሽኑ ለምን?» ይላል፤ ከዚያ ቅቤው ይመጣል፣ ከዚያ እትዬ አልማዝ። እናቴን አየኋት። ወለሉን ታያለች።

«አይሰማኝም» አልኩ።

«ነርቭ ተነክቷል ማለት ነው። ስሜት በሌለው እግር ሩጪ ብዬ አልፈርምም» አለና ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከተተው።

ሰኞ አውቶቡሱ በእኔ ፋንታ ከደካ የመጣች ልጅ ይዞ ወጣ። ይዘንባል። ቆሜ አየሁት። አለቅሳለሁ ብዬ ጠበቅኩ፤ እንባዬ አልመጣም። በአሥረኛው ቀን እግሬ ድኖ ነበር፤ እሱም ምንም አልመሰለኝም።

እትዬ አልማዝ ሊጠይቁኝ መጡ። «ሐኪሙ ምን አለ?»

«ነርቭ ነው አለ» አለች እናቴ።

እጃቸውን አገላብጠው አዩት። «እኔ አሽቼሽ ነው» አሉ።

አንዳችንም አይደለም አላልናቸውም። ከዚያ ወዲህ፣ ድኜ ስሄድ እያዩኝ እንኳ፣ ወለምታ ያለው ሰው ሲጠራቸው «እጄ ከድቶኛል» እያሉ ይመልሱ ነበር። እኔ እኮ የዋሸሁት ስማቸው እንዳይነሳ ብዬ ነው።

አሁን እሳቸውም እናቴም የሉም። ልጃቸው ገበያው ጥግ ሱቅ አላት። «እማዬ እጇ ጥሩ ነበር፤ ምን እንዳስተዋት እንጃ» ትለኛለች አንዳንዴ። ዕድሜ ሲገፋ ብዙ ነገር ሰውን ይለቀዋል፤ እኔን ሩጫው ለቆኛል፣ አዋሳም ለቃኛለች። ይህቺ ውሸት ግን አልለቀቀችኝም። ሱቋ በሄድኩ ቁጥር እውነቱን ልነግራት አስባለሁ። ትናንትም ሄጄ ነበር። ስኳሬን ተቀበልኩ፣ ስለ ዝናቡ አወራን፣ ወጣሁ።