ቤይሩት ላይ ሽማግሌ ስጠብቅ

ከመንዝ የወጣሁት ሌሊቱን ውርጭ ሲጥል አድሮ ጎህ ሲቀድ ነው። በዋዜማው ምሽት ቤቴ በሸኚ ሞልቶ ነበር። የባሌ ታላቅ እህት እትዬ አስካለም መጡ። ለእኔ ብለው ሳይሆን ለሰው ዓይን ብለው ነው። ለስንቅ ያዘጋጀሁትን በሶ ከረጢቱን ፈተው አዩ፣ አሸተቱ፣ መልሰው አሰሩት። ከዚያ ፊታቸውን ከእኔ መልሰው ለቄሱ ነገሯቸው።

«አባ፣ ይቺ ሴት ከሰው ጋር ተስማምታ የምትሠራ አይደለችም። አረቦቹ በወሯ ይመልሷታል።»

ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ ዝም አልሁ። ለባል ታላቅ እህት ከዝምታ በቀር መልስ የለም። ግን ያቺ ቃል ከበሶው ጋር ባሕር ተሻገረች። በሶው አለቀ፣ እሷ አላለቀችም።

እናንተ መንዝ፣ ሞላሌ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ሌላ አገር ሆኖ ለሚያነብልኝ ግን ልናገር። በእኛ ዘንድ ሱፍ የሚፈተለው በወንፈል ነው። ዛሬ እኔ ቤት፣ ነገ አንቺ ቤት እየተባለ ሴቶች ተሰብስበው ይፈትላሉ። የእኛን መንደር ወንፈል የሚመሩት እትዬ አስካለ ነበሩ። እንዝርቷ የዘገየባትን ሴት እንደ ዶሮ እያጨበጨቡ ያጣድፏታል። ባሌ በሞተ በዓመቱ፣ ሐዘኑ ገና ከእጄ ሳይወጣ፣ በእኔም አጨበጨቡ። አኮረፍሁ። የተኳረፈ ሰው ደግሞ ሽማግሌ ገብቶ እስኪያስታርቀው አይነጋገርም፤ ቀድሞ አፉን የከፈተ ጥፋተኛ እሱ ነው። እኔ ሽማግሌ ስጠብቅ እሳቸው «ትርንጎ ከወንፈሉ ወጥታለች» ብለው አስወሩ። ከዚያ በኋላ እኔ ቤት ደርሳ የምትፈትል ጠፋች። ወንፈል የሌላት ባልቴት ብቻዋን ፈትላ የት ትደርሳለች? የተሰደድሁት በዚህ ነው። ሌላው የተወራው ሁሉ ጭማሪ ነው።

ደርግ ወድቆ አዲሱ መንግሥት የገባ ሰሞን ነበርና ብዙ ሴት ወደ አረብ አገር ትሄዳለች። ለመታወቂያ ቀበሌ ስሄድ ሊቀ መንበሩ «ምን ሥራ ትችያለሽ?» አለኝ።

«ሱፍ መፍተል።»

«እዚያ በግ የለም።»

«ታዲያ ምን አለ?»

«ባሕር» አለኝ፤ እሱም አይቶት አያውቅም።

ቤይሩት በሠራተኝነት የገባሁበትን የመጀመሪያ ቤት ዝም ብዬ አልፈዋለሁ። ያለፈችበት ታውቀዋለች። ሁለተኛዋን አሠሪዬን፣ ማዳሟን ግን እግዜር ይስጣት። ኢቃማ የሚሉትን የመኖሪያ ፈቃድ አስተካክላ፣ ወንድሟ ሥራ አስኪያጅ የሆነበት ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል አስገባችኝ። እርጎና የወይራ ፍሬ አስለመደችኝ። ሑሙስ የሚሉትን ግን እስከ ዛሬ አልለመድሁትም፤ ሽሮ ቀዝቅዞ ዘይት የፈሰሰበት ይመስለኛል።

ማጠቢያው ምድር ቤት ነው። መንዝ በጥቅምት ጠዋት ስትናገሪ አፍሽ ጭስ ያወጣል፤ እዚህ ግድግዳው ራሱ ያልበዋል። መሐል ላይ በርሜል የሚያህል ነገር እየተሽከረከረ አንሶላ የሚተኩስ ማሽን አለ። በወዲያ በኩል አንዷ ታጎርሰዋለች፣ በወዲህ ሌላዋ ትቀበላለች። ወዲያ ያለችው ኩማሪ የምትባል የስሪላንካ ሴት ነበረች፤ እኩያዬ፣ ቀጭን፣ ፈጣን። በመጀመሪያው ቀን፣ ገና ቦታዬን ሳልይዝ፣ አጨበጨበችብኝ።

ይህን ያህል ባሕር ተሻግሬ!

አኮረፍሁ። እሷ በየአንሶላው ታጨበጭባለች፣ እኔ ዓይኔን ሰብሬ እቀበላለሁ። ሽማግሌ ጠበቅሁ። አብረውን ከሚሠሩት ፊሊፒኖዎች ታላቂቱ ትሆን? ወይስ የሆቴሉ በር ጠባቂ ሽማግሌ? አንዳቸው መጥተው «ኧረ እናንተ ሰዎች፣ ምን ሆናችሁ?» እስኪሉ ጠበቅሁ። ክረምት መጣ፣ ሄደ። የመጣ የለም።

ሥራ አስኪያጁ፣ የማዳሟ ወንድም ሙሲዮ ኤሊ፣ ዝምታዬን ጨዋነት አድርጎ ቆጠረው። «አንቺ አትጨቃጨቂም፤ ከዛሬ ጀምሮ የክፍሉ አለቃ ነሽ» አለኝ። ወዲያው ከሌሎቹ አለቆች ጋር ሰው ማሠራት የሚያስተምሩበት ኮርስ አስገባኝ። አስተማሪዋ የጫማዋ ተረከዝ ረጅም፣ ዕድሜዋ ትንሽ የሆነ ልጅ ነበረች። «የምታናግሩትን ሰው ዓይኑን እዩት» ትላለች፤ እኛ ዘንድ ይህ ድፍረት ነው። «ያስከፋችሁን ሰው ለምን እንደሆነ ራሱን ጠይቁት፤ አትገምቱ» ስትል ግን እጄን አወጣሁ።

«ቀድሜ ከተናገርሁ ጥፋተኛ እኔ ሆንሁ ማለት ነዋ?»

«እንዲህ ያለው ማነው?»

«አገሬ።»

ልጅቷ አልሳቀችብኝም። «እዚህ አለቃ ነሽ። ቀድሞ መናገር ሥራሽ ነው» አለችኝ። ቁጭ ብዬ ተናደድሁ።

ብዙም ሳይቆይ ትልቅ ሰርግ መጣ። የጠረጴዛው ልብስ እንደ ተራራ ተከመረ። እኔና ኩማሪ ሳንነጋገር ስንሳሳብ ግማሹ ተጨማዶ ወጣ፣ ግማሹ መሬት ወደቀ። ሙሲዮ ኤሊ ወርዶ አየና ራሱን ያዘ።

«ለምን አትነጋገሩም?»

«ተኳርፈናል።»

«እስከ መቼ?»

«ሽማግሌ እስኪመጣ።»

«ከየት ነው የሚመጣው?»

ወደ በሩ አየሁ።

«ልብሱ ለቅዳሜ ካልደረሰ ሁለታችሁንም በአንድ አውሮፕላን እሰዳችኋለሁ። ሰማይ ላይ ትታረቃላችሁ!»

የሁለታችን አገር በአንድ መንገድ እንደማይደረስ አልነገርሁትም። የታየኝ የእትዬ አስካለ ፊት ነው። በወሩ ባይሆንም መመለሴ ነው። «አላልሁም?» ሊሉ ነው።

ማሽኑን ዞሬ ሄጄ ኩማሪ ፊት ቆምሁ። ዓይኗን አየሁት። በተሰባበረ አረብኛዬ «ለምን አጨበጨብሽብኝ?» አልኋት።

«መቼ?»

«በመጀመሪያው ቀን። ከዚያም ሁልጊዜ።»

ግራ ገብቷት አየችኝ። ከዚያ ክንዴን ይዛ ወደ ቦታዬ መለሰችኝና ወደ ወዲያኛው ጫፍ ሄደች። አፏን ከፍታ የሆነ ነገር ተናገረች። ከንፈሯን አያለሁ፣ ማሽኑ ይጮሃል፣ ምንም አይሰማኝም። ከዚያ አጨበጨበች። እሱ ተሰማኝ።

ተመልሳ መጥታ እጄን ያዘችው። «አንሶላው መጣ፣ እጅሽን አንሺ ማለት ነው። ካንቺ በፊት የነበረችው ልጅ ጣቷን ተቃጥላ ነው የሄደችው። አልነገሩሽም?»

«ማንም አልነገረኝም። ተኳርፈን ነበር እኮ!»

«እኛ?» አለች። «እኔ አረብኛ የማትችዪ መስሎኝ ነበር።»

ያን ሁሉ ጊዜ ያኮረፍሁት ለብቻዬ ኖሯል።

የሰርጉ ልብስ ለቅዳሜ ደረሰ። ሙሲዮ ኤሊም እስከ ዛሬ አለቃ አድርጎ አቆየኝ፤ ቁጡ ነው፣ ግን ውለታውን አልረሳለትም። አዲስ ሴት ስትመጣ ከስሟ ቀጥሎ የምነግራት ጭብጨባው ምን እንደሆነ ነው። ሰኞ ጠዋት ማሽኑ ሳይነሳ ቅርጫት ገልብጠን እንቀመጥና ያስከፋን ካለ እንናገራለን፤ የምጀምረው እኔ ነኝ። ለኩማሪ፣ ለዚያች ባለ ረጅም ጫማ ልጅ ጭምር፣ ቤተ ክርስቲያን በሄድሁ ቁጥር ሻማ አበራለሁ። የእትዬ አስካለ ጭብጨባ ግን እንዲያ አልነበረም። እንዝርት አይጮህም።

አሁን እናንተም ዘንድ ሞባይል ገብቷል። ባለፈው ፋሲካ የወንድሜ ልጅ ጋ ደወልሁ፤ እትዬ አስካለም እዚያው ነበሩና ስልኩን አቀበላቸው።

«ማነሽ?»

«ትርንጎ ነኝ። እንደምን ከርመዋል?»

«እግዜር ይመስገን።»

ኩማሪ ቅርጫቷ ላይ ተቀምጣ ታየኛለች። ቀድሞ መናገር ሥራዬ ነው።

«እትዬ አስካለ፣ ያኔ ወንፈሉ ላይ ለምን አጨበጨቡብኝ?»

በስልኩ ውስጥ የአገሬ ነፋስ ሲያፏጭ ሰማሁት። ጆሮዬን አጥብቄ ለጠፍሁበት።

«እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይወራም» አሉ በመጨረሻ። ድምፃቸው አርጅቷል። «ሽማግሌ ላኪ።»

ተዘጋ።

«ምን አለች?» አለችኝ ኩማሪ። ነገርኋት። ተነሥታ እጇን በሽርጧ ጠረገች።

«ታዲያ እኔን ላኪኛ።»

አልሳቅሁም። ወደ ሞላሌ የሚወስደው አውቶቡስ ከደብረ ብርሃን ጠዋት እንደሚነሳ፣ ጋቢ ሳትይዝም እንዳትሄድ ነገርኋት።