መቅመቆ ቆፋሪ አይናገርም

ባለፈው ሳምንት ቱሉ ዲምቱ የምኖርበት ኮንዶሚኒየም ያለችው ጎረቤቴ በትንሽ ፌስታል የተፈጨ መቅመቆ ይዛልኝ መጣች። ደም ግፊት እንዳለብኝ ታውቃለች፤ ደረጃ ስወጣ አራት ጊዜ ስቀመጥ እያየችኝ እንዴት አታውቅ! «ጠዋት ጠዋት አፍልተሽ ጠጪው፣ ወር ሳይሞላ ኪኒኑን ትጥይዋለሽ» አለችኝ። ደግ ሴት ናት። አመስግኜ ተቀበልኳትና በሩን ዘግቼ ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። አርባ ዓመት ሊሆነው ነው፤ የዚያ ዱቄት ቀለም ግን ዛሬም ያደክመኛል።

ያኔ የምንኖረው አቃቂ፣ ከባቡር ጣቢያው ወረድ ብሎ ነበር። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ሐዲድ ሲጠግን ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። እናቴ ቀደም ብላ አርፋለች፣ ወንድሞቼ በየፊናቸው ሄደዋል፣ እኔ ፈትል ፋብሪካ እየሠራሁ እሱን እጦራለሁ። ስምንት ሰዓት ቆሜ የተበጠሰ ክር ስቀጥል ውዬ ስመለስ እግሬ የራሴ አይመስለኝም ነበር። ቤት ደግሞ አባቴ አለ። አባቴ ማለት ሁለተኛ ፈረቃ ነው።

አንድ ቀን ጣቢያው አጠገብ አዙሮት ወደቀ። ክሊኒክ ወሰድኩት። ድሬሰሩ ግፊቱን ለክቶ ፊቱ ተለወጠና «አባት፣ ደም ብዛት አለብዎት። ይህን ኪኒን ዕድሜ ልክዎን ይውጣሉ» አለው።

«ዕድሜ ልክ የሚፈረደው በወንጀለኛ ነው! እኔ ማንን ገደልኩ?» ብሎ ተነስቶ ወጣ። በስንት ልመና ሦስት ቀን ዋጠና «ሽንት በሽንት አደረገኝ» ብሎ ተወው።

የእሱ ሐኪም ሌላ ነበር። ኮዬ ጤፍ ይዘራበት በነበረ ጊዜ፣ ከዚያ እህል ጭነው የሚመጡ አንድ ሽማግሌ ገበሬ በወጣትነቱ ሥራ ሥር አስተምረውታል። ለቁስል እምቧጮ፣ ለሆድ ቁርጠት ቱልት፣ ለደም ብዛት መቅመቆ። እምቧጮን እኛም ልጆች ሳለን እናውቀዋለን፤ ለጋ ግንዱን እየላጥን ጥርሳችን እስኪጠርስ እንበላው ነበር። የቱልትም ሥር ሆዴን ሲቆርጠኝ አኝኬ ተሽሎኛል፣ አልዋሽም። መቅመቆው ግን ሕግ ነበረው። የሚቆፈረው ረቡዕና ዓርብ ነው፣ ፀሐይ ሳትወጣ። ሥሩ ተቆፍሮ ወንዝ አይሻገርም። ከሁሉም በላይ፣ ቆፋሪው ከእንቅልፉ ከነቃ ጀምሮ ሥሩን ቤት እስኪያገባ ድረስ ከሰው ጋር አይነጋገርም። ከተናገረ መድኃኒቱ ይረክሳል። ማዳኑ ይቅርና የሚጠጣውን ሰው ይጎዳዋል ይል ነበር አባቴ።

ቆፋሪዋስ ማን ትሆን? እኔው ነኛ! እሱ ጎንበስ ሲል ያዞረዋል።

ረቡዕና ዓርብ ጎህ ሲቀድ ዶማዬን ይዤ፣ ከፋብሪካው በፊት፣ ሐዲዱን ተከትዬ እወርዳለሁ። መቅመቆ ከሐዲዱ ሥር ባለው እርጥብ ቦይ ዳር ሰው አክሎ ይበቅላል። ቅጠሉ ሰፊ፣ ሥሩ ወፍራም ነው፤ ሲሰበር ውስጡ እንደ እርድ ቢጫ ነው። ጎረቤታችን ጋሼ ጋቢያቸውን ለብሰው ደጃፋቸው ላይ ይጠብቁኛል። ጋሼ ጡረታ የወጡ የባቡር ነጂ፣ የአባቴ የልብ ወዳጅ ናቸው። እሳቸው ባቡሩን ሲነዱ፣ አባቴ ሐዲዱን ሲጠግን፣ ስንት ዓመት ሙሉ ሲሰዳደቡ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ሕጉን እያወቁ፣ ሆን ብለው «እንደምን አደርሽ ልጄ?» ይሉኛል።

ዝም።

«እንዴ! የእግዜር ሰላምታ እኮ ነው! ምነው፣ አባትሽ ምላስሽን ቆልፎ ነው የሚልክሽ?»

ነጠላዬን ነክሼ አልፋለሁ። በዚያ ሁሉ ድካም ውስጥ የምስቅባት ሰዓት እሷ ብቻ ነበረች።

ሥሩን አጥባለሁ፣ ከትፌ አደርቃለሁ፣ እወቅጣለሁ፣ አፈላለሁ። አባቴ ወር ሙሉ ጠጣ። ለምኜ፣ ተቆጥቼ፣ አልቅሼ እንደገና ክሊኒክ ወሰድኩት። ግፊቱ ጭራሽ ብሶበታል። ድሬሰሩ ጥግ ወስዶኝ «ኪኒኑን ካልዋጠ ወይ ይሞትብሻል፣ ወይ ሽባ ይሆንብሻል። ምረጪ» አለኝ። ምን የሚመረጥ አለው! በማግስቱ ኪኒኑን በማንኪያ ጀርባ አድቅቄ መቅመቆው ውስጥ በጠበጥኩት። መቅመቆ መራራ ነው፣ የማይደብቀው ነገር የለም። አባቴ ጠጣው፣ ከንፈሩን ጠረገ፣ «ዛሬ አሳምረሽ አፍልተሽዋል» አለኝ።

በሦስተኛው ወር ድሬሰሩ ለክቶ «ጎበዝ አባት!» አለው። አባቴ እስከ ቤት ድረስ እየፎከረ ሄደ። «አየሽ? አየሽ አይደል? የሚያሸናኝ እኮ በሽታውን አጥቦ ሲያወጣው ነው!» የሚያሸናው ያው የጠላው ኪኒን ነበር። ምን ልበለው? ከነገርኩት ብርጭቆውን ደፍቶ ሁለተኛ ከእጄ ውሃም አይጠጣም። ዝም ካልኩ ይኖርልኛል። ይኑርልኝ አልኩና ዝም አልኩ። ዝም አይነቅዝም ይላል ተረቱ። የእኔው ነቀዘ።

እኔ ዝም ስል አባቴ ዝም የሚል ሰው አልነበረምና! እድር ላይ፣ ጠላ ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ያገኘውን ሁሉ መቅመቆ ጠጣ ይለዋል። ሰዉ ሰምቶት ይስቃል፣ ይሄዳል። ከፋሲካ በኋላ አንድ ሐሙስ ግን ፊቱ በርቶ ገባ።

«ያ ቀጣፊ ባቡር ነጂ ወዳጄ ለካ እሱም ደም ብዛት አለበት! ይህን ሁሉ ዘመን ኪኒን ሲውጥ ሲደብቀን! የእኔን ነገር አየና ዛሬ በፊቴ ኪኒኑን ሽንት ቤት ጨመረው» አለኝ።

የያዝኩትን ሰሃን አስቀመጥኩ። «አባዬ፣ የእሳቸው ሌላ ቢሆንስ?» አልኩ። «ደም ብዛት ደም ብዛት ነው» አለ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ቦዩ ዳር ስደርስ የጋሼ ሚስት እትዬ ቀድመውኝ ጎንበስ ብለው ይቆፍራሉ። ቀና ብለው አዩኝ። ሁለታችንም አፋችን ተለጉሟል። አንገታቸውን ሰበር አድርገው ሰላም አሉኝ፣ እኔም እንዲሁ። ጎን ለጎን ቆፈርን። ሥሩ አልነቀል ሲላቸው በዶማዬ ረዳኋቸው፤ በዓይናቸው አመሰገኑኝ። ሆዴ ውስጥ «እትዬ፣ ኪኒናቸውን እንዳያቋርጡ!» የሚል ቃል ይጮኻል። ሐዲዱን ይዘን አብረን ስንመለስ፣ ደጃፋቸው ስንለያይ፣ አንዲት ቃል አልወጣኝም። ሕጉን አክብሬ እንዳይመስላችሁ። ሕጉን አላምንበትም ነበር። አባቴ ይሰማል ብዬ ፈራሁ፤ ደግሞም ደክሞኝ ነበር። ከፋብሪካ ስመለስ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ስመለስ ነገ አልኩ። ነገም ሌላ ነገ ነበረው።

ከዚያ ወዲህ ጋሼ ሰላምታቸውን ተዉ። ረቡዕና ዓርብ ሲያዩኝ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው፣ የምራቸውን፣ ያሳልፉኛል። ቀልዳቸው ናፈቀኝ።

ሐምሌ ውስጥ አንድ ጠዋት ጫማቸውን ሊያጠልቁ ጎንበስ እንዳሉ ወደቁ። ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ አለ፣ አፋቸው ተጣመመ፣ ንግግራቸው ጠፋ። ከሆስፒታል ሲወጡ አባቴና እኔ ልንጠይቃቸው ሄድን። አባቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ወዳጁን ሲያይ ቆየና ወደ እትዬ ዞረ።

«ስትቆፍሪ ሰው አናግረሻል?»

እትዬ ክው አሉ። «አንድ ቀን… የሐዲድ ማቋረጫው ዘበኛ እንደምን አደሩ ቢለኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን አልኩት። አመለጠኝ። የእግዜርን ስም እንዴት ልዋጠው?»

«በቃ!» አለ አባቴ ጭኑን መትቶ። «ረከሰ። ይኸው ነው የጎዳው።»

በክፋት አልነበረም፤ እያለቀሰ ነው የተናገረው። እትዬ ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ ባላቸውን በገዛ አፋቸው የጣሉ ሴት ሆኑ። ሰው ሰላም ሲላቸው ይደነግጣሉ። በየሳምንቱ ሳሪስ አቦ ድረስ በእግራቸው እየሄዱ ይሰግዳሉ፤ ጉልበታቸው አብጦ አይቼዋለሁ። እግዚአብሔር ይመስገን ባሉ! ሁለት ወር ያን እያየሁ ቻልኩ። እንዴት እንደቻልኩት አትጠይቁኝ።

መጀመሪያ ለአባቴ ነገርኩት። የፈላውን መቅመቆ ፊቱ አስቀምጬ፣ ኪኒኑን ሳላደቅቅ ከጎኑ አኖርኩለት። «ይህን ሁሉ ጊዜ ስትጠጣ የኖርከው ሁለቱን አንድ ላይ ነው» አልኩት። ይጮህብኛል፣ ብርጭቆውን ይወረውርብኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ኪኒኑን አንስቶ መዳፉ ላይ አገላበጠው።

«እሱ ግን መቅመቆውን ብቻ ነበር የጠጣው» አለ ቀስ ብሎ።

ኪኒኑን አፉ ውስጥ ጨምሮ በደረቁ ዋጠው። ከዚያ «ሂጂ ንገሪያት። እኔ ፊቷን ማየት አልችልም» አለኝ።

ያን ሳምንት የከሰዓት ፈረቃ ስለነበርኩ ጠዋት ሄድኩ። ጋሼ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ፤ ቀኝ እጃቸው ጭናቸው ላይ እንደ ሰው ዕቃ ተቀምጧል። እትዬ ከጎናቸው ምስር ይለቅማሉ። ቁጭ በይ ቢሉኝ እምቢ ብዬ ቆሜ ተናገርኩ። ኪኒኑን፣ ማንኪያውን፣ ያን ዓርብ ጎን ለጎን ስንቆፍር እያወቅኩ ዝም ማለቴን፣ አንዱንም አላስቀረሁም። እንዲረግሙኝ ነበር የሄድኩት፤ እርግማኑን ጠበቅኩ።

እትዬ ሰፌዱን መሬት አስቀመጡ። «እኔ አይደለሁማ!» አሉ። «ሰላምታው አይደለማ! እኔ አይደለሁም!» ተነስተው እጄን ያዙኝ፣ ጉንጬን ሳሙኝ። «እግዜር ይስጥሽ ልጄ፣ እግዜር ያክብርሽ» ይላሉ፣ እንባቸው አንገቴ ላይ ይወርዳል። ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።

ጋሼ ሁሉን ሰምተዋል። አካላቸው እንጂ ልባቸው ደህና ነው። ትክ ብለው አዩኝና ሊናገሩ ታገሉ። አፋቸው ወደ አንድ ጎን ተጎተተ፣ ግንባራቸው ላይ ላብ ወጣ። አሁን መጣልኝ፣ የሚገባኝ አልኩ። ከጉሮሯቸው የሆነ ድምፅ ወጣ፤ አልተረዳሁትም። እትዬ ጎንበስ ብለው አዳመጧቸውና አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉላቸው።

«እንደምን አደርሽ ነው የሚልሽ» አሉኝ።

ዕለቱ ረቡዕ ነበር። ዶማ አልያዝኩም፣ ሥር አልቆፈርኩም፣ የሚከለክለኝ አንድም ነገር የለም። መልሱ ሁለት ቃል ነው፤ ልጅም ይመልሰዋል። አፌን ከፈትኩ፣ አልወጣ አለኝ።